ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን በትክክል ስንት ሰዓት ነው? ቁጥሩ ተምታቶብኛል

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን በሰኔ አጋማሽ ላመጣት ነው። 71 ዓመቷ ነው። አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ስኳር አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ቪዛዋ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ትኬቱን ግን እስካሁን አልቆረጥኩም። ስንት ሰዓት እንደምትቀመጥ በእርግጠኝነት ማወቅ ስላቃተኝ ነው።

ርቀት የሚያሰላ ገጽ ከፍቼ ሁለቱን ኤርፖርቶች ሳስገባ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው 13 ሰዓት ከምናምን አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በራሱ ስልክ ሲሞክር ደግሞ 13,400 ኪሎ ሜትር አለው። ወደ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት እኮ ነው! ትኬቱን ሳየው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከቦሌ 22:30 ተነስታ በማግስቱ 08:00 ትደርሳለች ይላል። ወንድሜ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል» ይለኛል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን 16 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። መመለሻው ጭራሽ ግራ ያጋባል። ከዚህ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 አዲስ አበባ ይገባል፣ ጠቅላላው 13 ሰዓት ነው ይላል። እኔ በጣቴ ስቆጥረው 20 ሆነብኝ።

መንገዱ አንድ ነው አይደል? ታዲያ ሲመጣና ሲመለስ ለምን ሦስት ሰዓት ተኩል ይለያያል? መሃል ላይ የሆነ ቦታ ያርፋል ማለት ነው? ካረፈስ ትወርዳለች ወይ? ብቻዋን ነው የምትመጣው፣ እንግሊዝኛም አትችልም። የምታውቁ እባካችሁ በደንብ አስረዱኝ።


የካርታ ወዳጅ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የወንድምሽን ቁጥር እናጥራው። 13,400 ያለው ወደ ዋሽንግተን አይደለም፣ ቴክሳስ ወዳለው ዳላስ ነው። እኛ ሁለቱንም «ዳላስ» እያልን ስለምንጠራቸው ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዋሽንግተኑ ደለስ ነው። ስሙን ያገኘው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከነበረው ከጆን ፎስተር ደለስ ሲሆን፣ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ ከዋሽንግተን መሃል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ነው። ትኬት ስትቆርጪም ሆነ በስልክ ስታስቆርጪ በስሙ ሳይሆን በሦስቱ ፊደላት ተማመኚ። ቦሌ ኤ-ዲ-ዲ ነው፣ ደለስ አይ-ኤ-ዲ ነው፣ የቴክሳሱ ዲ-ኤፍ-ደብሊው ነው። ወንድምሽ ትኬቱን በዚያ ስሕተት ቢቆርጠው ኖሮ እናትሽ የምትወርደው ካንቺ የሦስት ሰዓት በረራ ርቀት ላይ ነበር።

ያንቺ 11,560 ትክክል ነው። ግን ቁጥሩ የሚነግርሽ ምድር ላይ ክር ቢወጠር የሚገኘውን አጭሩን መስመር ነው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብታሰምሪ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታንያ አድርጎ ውቅያኖሱ ላይ ይወጣል። እውነተኛው አጭር መንገድ ግን እሱ አይደለም። ምድር ድቡልቡል ናት። የልጆችሽ ሉል ቤት ካለ ክር ውሰጂና ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጥሪው። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳና በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ አድርጎ ደቡብ ስፔንንና ፖርቱጋልን ነክቶ አትላንቲክ ላይ ይገባል። አትላንቲክ መሃል ላይ ከዋሽንግተን ራሷ የበለጠ ወደ ሰሜን ይወጣና ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ ይህንን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሉሉን ሁለት ጊዜ ነው ደግሜ የለካሁት።

አውሮፕላኑ ደግሞ ክሩን ብቻ ተከትሎ አይሄድም። የተዘጋ ሰማይ አለ፣ ነፋስ አለ፣ የአየር ትራፊክ መስመር አለ። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ሲጀመር የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ በረራ ተዘጋ፣ ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚወጣው ሁሉ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። እንዲህ ያለውን ነገር የርቀት ገጹ አያውቀውም። ለሱ ሁለት ነጥብና አንድ ክር ብቻ ነው። ሰዓቱንም የሚያወጣው ክሩን በ900 ኪሎ ሜትር ገደማ አካፍሎ፣ ትንሽ ለመነሻና ለማረፊያ ጨምሮ ነው። ስለዚህ ያ 13 ሰዓት የግምት ቁጥር እንጂ የበረራ ፕሮግራም አይደለም።

የሰዓቱ ቆጠራ ቀላል ነው። ትኬት ላይ መነሻው በተነሳበት አገር ሰዓት፣ መድረሻው በደረሰበት አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። በሰኔ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በ7 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ስትመጣ ወንድምሽ ባገኘው 9 ሰዓት ተኩል ላይ 7 ጨምሪ፣ 16 ተኩል ይሆናል። ስትመለስ ካገኘሽው 20 ላይ 7 ቀንሺ፣ 13 ይሆናል። ትኬቱ ልክ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ፣ እዚህ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ልዩነቱ 8 ይሆናል።


የሃንጋር ሰው፦

የካርታው ወንድማችን ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። እኔ ሲመጣና ሲመለስ ለምን እንደሚለያይ ልንገርሽ። ጥገና ላይ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይህ ጥያቄ ዘመድ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ነፋስ አንዱ ነው፣ ሌላው የቦሌ ከፍታ።

ነፋሱን ሁሉም ይገምታል። አትላንቲክ ላይ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ በተለይ በክረምታቸው። በሰዓት 150 እና 200 ኪሎ ሜትር መንፈስ ለሱ ብርቅ አይደለም። ወደ አሜሪካ ሲኬድ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ሲመለስ ከኋላ ያግዛል። በበጋቸው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ከፍታውን ግን ብዙ ሰው አያስበውም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። ደለስ መቶ ሜትር እንኳን አይሞላም። ቦሌ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ኤርፖርት ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የበለጠ ፍጥነት ማለት ደግሞ የበለጠ መንደርደር ነው። የቦሌ ትልቁ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፣ ረጅም ነው፣ ግን ለሁሉም ነገር ልክ አለው። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን ከፍተኛ ክብደቱን ይዞ መነሳት አይችልም።

አሁን ነዳጁን አስቢው። እነዚህ ድሪምላይነር እና ኤ350 የሚባሉት ነዳጅ ቆጣቢ ናቸው፣ ቢሆንም በሰዓት 5 ቶንና ከዚያም በላይ ይበላሉ። ነፋስ ፊት ለፊት እየገፋው 14 ሰዓት ከምናምን በአንድ ትንፋሽ ለመብረር መጠባበቂያውን ሳይጨምር ከ70 ቶን በላይ ነዳጅ ማለት ነው። ያንን ሁሉ ነዳጅ፣ ሙሉ ተሳፋሪ፣ የሐበሻ ሻንጣ (በርበሬና ሽሮ የሌለበት ሻንጣ ከቦሌ ወጥቶ ያውቃል እንዴ?)፣ ከዚያ በላይ ጭነት ይዞ ከቦሌ መነሳት ከባድ ነው። ወይ ሰው ይቀነሳል፣ ወይ ጭነት ይቀነሳል፣ ወይ መንገድ ላይ ይቀዳል። የሚመረጠው መቅዳት ነው። ለብዙ ዓመታት ይህ በረራ ሲሄድ ሮም ወይም አየርላንድ ያለችው ደብሊን ላይ ነበር የሚቀዳው። በነገራችን ላይ ከቦሌ በሌሊት መነሳቱም ይረዳል፣ ብርድ አየር ጠንከር ያለ ነው፣ ከቀኑ ሙቀት የተሻለ ያነሳል።

ሲመለስ ሁሉም ይገለበጣል። ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል። ነፋሱም ከኋላ ነው። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን ጨርሶ ስለሚቀል ማረፉ ችግር የለበትም። ለዚህ ነው በቀጥታ 13 ሰዓት የሚሆነው።

ያንቺ 16 ሰዓት ተኩል፣ የሚቀዳው ደብሊን ላይ ከሆነ፣ ሲበተን እንዲህ ነው፦ እስከ ደብሊን 7 ሰዓት ተኩል ወይም 8፣ እዚያ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከደብሊን ዋሽንግተን እንደገና 7 ሰዓት ተኩል ገደማ። አንድ ነገር ልጨምር። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት አየር ላይ ያለውን ብቻ አይደለም፣ አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ከተነቃነቀበት ጊዜ ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ነው። ስለዚህ ቦሌ ላይ ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅበትም በውስጡ አለ። አንዳንዴ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ የሚደርሰውም ለዚህ ነው።

ቢሾፍቱ አካባቢ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ብዙ ነገር የሚቀይረው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፣ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ትወርዳለች። ለተራ ሰው 400 ሜትር ምንም ማለት አይደለም፣ ለአውሮፕላን ግን ብዙ ቶን ነው። እኔ ያንን ቀን በጉጉት ነው የምጠብቀው።


የእማዬ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ወንድሜ ደወለልኝ፣ እውነትም ቴክሳስን ነው ያስገባው። ደነገጥኩ። አሁን ጥያቄዬ ነዳጅ ሲቀዳ ነው። ደብሊን ላይ ትወርዳለች? ሻንጣዋስ? መንገዱ ወደ ደብሊን ዞሮ መሄዱ ብዙ አይጨምርም?


የካርታ ወዳጅ፦

መዞሩን ለክቼዋለሁ። ከቦሌ ደብሊን 6,370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከደብሊን ደለስ 5,460። ሲደመር 11,830። ከቀጥታው የሚበልጠው በ300 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ የሃያ ደቂቃ በረራ ነው። በሮም ከሆነ ጭራሽ 150 ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። ጊዜውን የሚወስደው መዞሩ አይደለም። መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ነው።

መውረዱን በተመለከተ፣ ለነዳጅ ብቻ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ተሳፋሪ ከመቀመጫው አይነሳም። የበረራ ሠራተኞቹ ይቀየራሉ፣ ጽዳት ይገባል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ይሄዳል። ሻንጣው አይነካም። ትኬቱ ላይ አንድ የበረራ ቁጥር ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አውሮፕላን አትቀይርም ማለት ነው። ሁለት ቁጥር ካየሽ ግን ትራንዚት ነውና ጠይቂ። የት እንደሚያርፍም ከዓመት ዓመት ይቀያየራል፣ ስትቆርጪ አረጋግጪ። ለእማማ ግን ቀድመሽ ንገሪያት። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደረስን ብላ ቀበቶዋን ፈትታ ሻንጣ ልታወርድ ትችላለች። አክስቴ ሮም ላይ «አሜሪካ ገባን» ብላ እልል ብላለች።


ዱባይ ለ9 ዓመት፦

እኔ እናቴን በዱባይ ነው ያመጣኋት። ዋጋው የተሻለ ነበር። ከአዲስ አበባ ዱባይ አራት ሰዓት ነው፣ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ታርፋለች፣ ከዚያ ዋሽንግተን። እኔ ራሴ ያኔ ዱባይ ስለነበርኩ ተቀብዬ አሳርፌ ነው ያሳፈርኳት። ብር የሚያሳስብሽ ከሆነ እሱንም ተመልከቺ።


የካርታ ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ አንተ እዚያ ነበርክ፣ ለሷ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህች እህታችን ግን አይመክርም። ከቦሌ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማለትም ከአሜሪካ እየራቀች ነው የምትሄደው። ከዱባይ ደለስ 11,350 ኪሎ ሜትር ነው። ከቦሌ ደለስ ስንት ነበር? 11,560። ልዩነቱ 200 ነው። በሌላ አነጋገር ዱባይ ደርሳ ገና ከቦሌ እንዳልተነሳች ቁጠሪው። ሁለተኛው በረራ ብቻውን 14 ሰዓት ያህል ነው፣ እሱም ያለ ዕረፍት። በላዩ ላይ የአራት ሰዓቱ አለ፣ የመጠበቂያው አለ። ጠቅላላው ከ20 ሰዓት በታች አይመጣም።

በአውሮፓ በኩል፣ በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል፣ ርቀቱ ይሻላል፣ ግን አውሮፕላን መቀየር አለ። ግዙፍ ኤርፖርት ውስጥ በር መፈለግ፣ ባቡር፣ ሰልፍ። አንዳንዱ አገር ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የትራንዚት ቪዛም ይጠይቃል፣ የአሜሪካ ቪዛ ያለው የሚታለፍበት ሁኔታ አለ፣ ግን ሳይጠየቅ አይቆረጥም። ለ71 ዓመት ሰው፣ ለመጀመሪያ በረራ፣ አንድ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ መድረስ ገንዘቡ ያወጣል ባይ ነኝ።


ነርስ ነኝ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦

የኔ እህት፣ ርቀቱን ወንድሞች ጨርሰውልሻል። እኔ ስለ ስኳሩ ልንገርሽ።

ኢንሱሊን የምትወስድ ከሆነ መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣዋ ውስጥ ነው የሚሆነው። ከታች በሚገባው ሻንጣ በፍጹም አይሁን። ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋል፣ የታችኛው ክፍልም በጣም ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ ኢንሱሊን አንዴ ከረጋ አይሠራም። መርፌውና መለኪያው አብሮ ይሁን። ከሐኪሟ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይኑራት፣ ፍተሻ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ወደ ምዕራብ ስትመጣ ቀኗ በ7 ሰዓት ይረዝማል። አዲስ አበባ ጠዋት ወስዳ፣ እዚህ ጠዋት ስትወስድ፣ መሃሉ 24 ሰዓት ሳይሆን 31 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ስትመለስ ደግሞ 17 ይሆናል። ይህ ለስኳር በሽተኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከመምጣቷ በፊት ሐኪሟ ዘንድ ትሂድና የበረራውን ሰዓት አሳይታ በየስንት ሰዓቱ ምን ያህል እንደምትወስድ በወረቀት ያስጽፍላት። እኔ ከዚህ ሆኜ ቁጥር አልሰጥሽም፣ የሚያውቃት ሐኪም ነው የሚወስነው።

ምግቡን አትርሺ። በሰኔ አጋማሽ ካልሽ የሰኔ ጾም ላይ ነች። እናትሽ የምትጾም ከሆነ አውሮፕላን ላይ የመጣላትን ሁሉ «ጾመኛ ነኝ» ብላ ትመልሳለች፣ ኢንሱሊኑን ግን ወስዳዋለች። ይህ በጣም አደገኛ ነው። በሥራዬ እንዲህ ሆነው የመጡ እናቶችን አይቻለሁ። ትኬቱ እንደተቆረጠ ልዩ ምግብ እዘዢ፣ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት። የስኳር ምግብ የሚባል አለ፣ ሥጋና ወተት የሌለበት ቪጋን የሚባልም አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ለጾመኛ ቪጋኑ ይሻላታል። ከነፍስ አባቷ ጋርም ቀድማ ትነጋገር፣ ለመንገደኛና ለሕመምተኛ የሚሉትን ሰምታ ልቧ ይረፍ። ኪሷ ውስጥ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ስኳሯ ድንገት ቢወርድ ደግሞ ከረሜላ ይኑራት።

ለጉልበቷ መቀመጫዋ መተላለፊያው ዳር ይሁን። መስኮት ዳር ከሆነች ሰው ላለማስቸገር ብላ 16 ሰዓት ሙሉ ሳትነሳ ትቀመጣለች፣ እናቶቻችንን እናውቃቸዋለን። በየሁለት ሰዓቱ ትነሳ፣ ተቀምጣም ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ። ውኃ ትጠጣ። ሽንት ቤት ላለመሄድ ብላ ውኃ አልጠጣም እንዳትልሽ።

ዊልቸር ትኬቱ ላይ አስመዝግቢ፣ አይከፈልበትም። ቦሌ ላይም ደለስ ላይም ከበር እስከ በር ይወስዳታል። ደለስ ላይ ዊልቸር የሚገፉት ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው፣ ፓስፖርት ጋ ስትደርስ በአማርኛ የሚያናግራት ሰው አጠገቧ ሊኖር ይችላል። እኔ እናቴ ስትመጣ የገፋት ልጅ የቤተሰብ ያህል አጫውቷት ነው ያመጣልኝ።


ለረቡዕ አጥቢያ፦

እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፣ ግን እባክሽ በደንብ አንብቢው፤ ያቃጠለን ጉዳይ ነው።

ያንቺ ትኬት 22:30 ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30። ይህ ጥሩ ነው። ቀኑ አይምታታም። ቀን ስትቀይሪ ግን ከ00:00 በኋላ የሚነሳ በረራ ካገኘሽ ተጠንቀቂ። የአባቴ ትኬት ረቡዕ 00:40 ይል ነበር። ትኬቱን የቆረጠልን ሰው «ረቡዕ ሌሊት 6:40» ብሎ ነገረው። አባቴ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዘመድ ሲሰናበት ዋለ፣ ማታ ተመርቆ፣ ተሸኝቶ፣ ከዚያ ቦሌ ሄደ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሞልቶታል። እኔ እዚህ ደለስ ላይ አበባ ይዤ ቆሜ ነበር።

በፈረንጅ ሰዓት ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ለኛ ሰው ግን ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ረቡዕ 00:40 ማለት ማክሰኞ ማታ፣ ለረቡዕ አጥቢያ ነው። እንደዚህ ነው ለወላጅ መነገር ያለበት። «ማክሰኞ እራት በልተሽ ትወጫለሽ» በይ። ቁጥር ብቻ አትንገሪ።

ሌላው፣ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማ ቦሌ ትድረስ። 22:30 ከሆነ ከምሽቱ 1:30 ላይ በሩ ላይ ትሁን ማለት ነው። በሰኔ ዝናብም አለ፣ መንገድ ሊዘጋጋ ይችላል። ለወንድምሽ «11 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ» በይው፣ ቀድሞ መድረስ ምንም አይጎዳም።

እናትሽ የእጅ ሰዓት የምታስር ከሆነ ይህንንም ንገሪያት። በዚህ አገር በጋ (ሰኔም በዚያ ውስጥ ነው) የዚህን አገር ሰዓት ላይ አንድ ስትጨምሪ የአዲስ አበባን የሐበሻ ሰዓት ታገኛለሽ። እዚህ 8 ከሆነ እዚያ 9 ነው። በዚህ አገር ክረምት ሁለት ነው የሚጨመረው። እኔ ቤት ለመደወል ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የማሰላው። ቀንና ሌሊቱን ብቻ ማስታወስ ነው።


የእማዬ ልጅ፦

ቆረጥኩ! ቀጥታውን፣ አንድ የበረራ ቁጥር ያለውን። መተላለፊያ ዳር፣ ዊልቸር፣ ቪጋን ምግብ፣ ሁሉም ገብቷል። ሐኪሟ ጋ ወንድሜ ወስዷታል፣ የኢንሱሊኑን ሰዓት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፎላታል። ነፍስ አባቷም ተነጋግረዋል፣ «መድኃኒት የምትወስድ ሰው መብላቷ ጾሟን አይገድፍባትም» ብለዋታል። አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፣ ስሟ፣ ስልኬ፣ ስኳር እንዳለባት። የነዳጁንም ነገርኳት። «አንዴ ሲያርፍ አትነሺ፣ ሁለተኛው ላይ ነው የምትወርጂው» አልኳት፣ «እሺ፣ እንደ አውቶቡስ መሆኑ ነው» አለችኝ። ስትደርስ እጽፍላችኋለሁ።


የእማዬ ልጅ፦

ደርሳለች! ተመስገን። ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ከቦሌ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ 22:50 ተነሳ፣ እዚህ ግን 07:40 ላይ ገባ። 15 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ማለት ነው። መሃል ላይ ሲያርፍ አልተነሳችም፣ እንዲያውም አጠገቧ የነበረች ሴትዮ ቀበቶዋን ስትፈታ «ቆይ እህቴ፣ ገና ነው፣ ነዳጅ ሊቀዳ ነው» ብላ አስቀምጣታለች። ሴትዮዋ መንገዱን ሁሉ አብራት ነበረች፣ ስትወጣም ይዛት ነው የወጣችው። ስኳሯን እዚህ ስንለካው ደህና ነው። እግሯ ትንሽ አብጧል፣ ከፍ አድርጋ ተኝታለች አሁን።

ከኤርፖርት ስትወጣ ከጠዋቱ 9:30 ሆኖ ነበር። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ልጆቼን ሳመች፣ ከዚያ ሰዓቷን አየች። ገና አላስተካከለችውም ነበር። «አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል እኮ» አለች፣ «እነዚህ ልጆች እስካሁን ምሳ ሳይበሉ ነው የመጡት?»